ተማሪዎቼን ጥናታዊ ጽሑፍ ለማስጻፍ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ የአማርኛ መምህርት፣ ባሕር ዳር

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣

በባሕር ዳር ከተማ በሚገኝ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የ11ኛ ክፍል የአማርኛ ቋንቋ መምህርት ነኝ። ዘንድሮ የማስተምራቸው አራት ክፍሎች ሲሆኑ የተማሪዎቹ ቁጥር 230 ያህል ነው። በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት አራት አራት እየሆኑ ከስምንት እስከ ዐሥር ገጽ የሚደርስ ጥናታዊ ጽሑፍ እንዲያዘጋጁ ላደርግ አስቤአለሁ። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ አምናም ሞክሬው ነበር፤ ምክር የምጠይቀውም አምና የደረሰብኝ ዘንድሮ እንዳይደገም ነው።

አምና የሠራሁት እንዲህ ነበር። በየካቲት መጀመሪያ ዐሥራ አምስት ርእሶችን ሰሌዳ ላይ ጻፍሁ፤ መግቢያ፣ የጥናቱ ዓላማ፣ ዘዴ፣ ትንተና፣ ማጠቃለያና ዋቢ ጽሑፎች የሚሉትን ክፍሎች በሁለት ክፍለ ጊዜ አስረዳሁ፤ የማስረከቢያውን ቀን ነግሬም ለቀቅኋቸው። በተባለው ቀን 57 ጽሑፎች ቀረቡልኝ፤ አብዛኞቹም በሚያምር ሽፋን የተጠረዙ ነበሩ። ሆኖም 19ኙ «ጣና ሐይቅ በኢትዮጵያ ከሚገኙ ሐይቆች ሁሉ ትልቁ ነው» በሚል አንድ ዐይነት ዐረፍተ ነገር ይጀምራሉ፤ ርእሳቸው ዓሣ ይሁን፣ ቱሪዝም ይሁን፣ የባጃጅ አደጋ ይሁን ልዩነት የለውም። አንዱ ቡድን ደግሞ በምስጋናው ገጽ ላይ «ሌሊት ሌሊት ስጽፍ በትዕግሥት ለጠበቀችኝ ባለቤቴና ለሁለቱ ልጆቼ» ብሎ አመስግኗል። የቡድኑ አባላት ዐሥራ ሰባት ዓመት ያልሞላቸው አራት ልጆች ናቸው።

በመጀመሪያ ተቆጥቼ ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን ጥፋቱን በእነርሱ ላይ ብቻ መጣል ፍርደ ገምድልነት መስሎ ታየኝ፤ ምክንያቱም እነዚህ ልጆች እስከ ዛሬ የተፈተኑት ፈተና ሁሉ ማለት ይቻላል ከአራት አማራጮች አንዱን የሚያጠቁሩበት ነው፤ የሚጠብቃቸው የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተናም እንዲሁ ነው። ራሳቸው ጠይቀው፣ ራሳቸው ፈልገው፣ ያገኙትን በራሳቸው ቃል እንዲጽፉ ያስተማራቸው ሰው የለም፤ እኔም አላስተማርኋቸውም፤ ያደረግሁት የጽሑፉን መልክ ማሳየት ብቻ ነው።

ስለዚህ የማስጻፉን ሥራ ከየት ልጀምር? ኩረጃን ከመቅጣት ይልቅ እንዳያስፈልግ ማድረግ ይቻላል ወይ? አንዲት መምህርት ሌላውን ትምህርት ሳታጓድል የዚህን ሁሉ ቡድን ሥራ እንዴት ልትከታተል ትችላለች? አንድ ተጨማሪ ችግርም አለብኝ፦ ተማሪዎቹ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሌሎቹን የትምህርት ዐይነቶች የሚማሩት በእንግሊዝኛ ስለሆነና ስለ ሐይቁ የሚያገኙት ጽሑፍም አብዛኛው በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ያነበቡትን ወደ አማርኛ ሲያመጡት የማንም ያልሆነ ቋንቋ ይወጣል።


መልስ፦ የጽሑፍ ክህሎት አስተማሪ፣ ዩኒቨርሲቲ

እኅቴ መምህርት፣

የእርስዎ ተማሪዎች ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ በኋላ ወደ እኔ ስለሚመጡ ጉዳዩ የእኔም ነው። በእኔ አስተያየት ችግሩ የጀመረው ዐሥራ አምስቱ ርእሶች ሰሌዳ ላይ በተጻፉበት ቀን ነው። ርእስ የተሰጠው ተማሪ መልስ ፍለጋ አይሄድም፤ ርእሱን የሚመስል ጽሑፍ ፍለጋ ይሄዳል፤ ያንንም በአምስት ደቂቃ ውስጥ በቴሌግራም ወይም በትምህርት ቤቱ አጠገብ ባለው የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ያገኘዋል። ጥያቄ ያለው ልጅ ግን ለጥያቄው የተዘጋጀ መልስ ከገበያ ስለማያገኝ፣ ቢፈልግም ባይፈልግም ራሱ መሄድ ይኖርበታል።

«የእምቦጭ አረም በጣና ሐይቅ ላይ ያስከተለው ተጽዕኖ» የሚለውን ርእስ ይመልከቱ። ይህ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ አረም በጣና ላይ ጎልቶ ከታየበት ከ2004 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ብዙ ባለሙያዎች ሲያጠኑት ቆይተዋል፤ ገናም አልጨረሱትም። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነን ሐይቅ አራት ልጆች በሁለት ወር ያጠኑታል ብሎ መጠበቅ ካለው ጽሑፍ ቀድታችሁ አምጡ ብሎ እንደ ማዘዝ ነው። በአንጻሩ «ከከተማው ወደብ ወደ ዘጌ የሚመላለሱ ጀልባ ነጂዎች በእምቦጭ ምክንያት የሚሄዱበትን መስመር ወይም የሚነሡበትን ሰዓት ቀይረው ያውቃሉ ወይ?» የሚለው ጥያቄ በአንድ ቅዳሜ ወደ ወደቡ ሄዶ ዐሥር ሰዎችን በማነጋገር ሊመለስ የሚችል ነው። መልሱ «አልቀየርንም» ቢሆን እንኳ መልስ ነው።

እኔ ይህንን «የቅዳሜ ፈተና» እለዋለሁ። ተማሪው በአንድ ቅዳሜ በእግሩ ወይም በአንድ የባጃጅ ሒሳብ ደርሶ የሚጠይቀው ሰው፣ የሚቆጥረው ነገር ወይም የሚለካው ነገር ከሌለ ጥያቄው ገና አልጠበበም ማለት ነው። በዐቢይ ጾም ሳምንታት የቀረሶና የአምባዛ ዋጋ በአንድ የዓሣ መሸጫ እንዴት እንደሚለዋወጥ በየሳምንቱ መመዝገብ ይቻላል። የደንገል ታንኳ የሚሠሩ ሰዎች ደንገሉን ዛሬ ከየት እንደሚያመጡና አባቶቻቸው ከየት ያመጡ እንደነበር መጠየቅ ይቻላል። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ከተከፈተ ወዲህ በአሮጌው ድልድይ አጠገብ የሚነግዱ ሰዎች ገበያቸው እንዴት እንደሆነ ማጣራትም እንዲሁ።

የተፈጥሮ ሳይንስ የሚወዱ ልጆች ካሉዎት ደግሞ የውኃውን ጥራት በሙሉ ሳይሆን ከጥራቱ ምልክቶች አንዱን፣ ማለትም ውኃው ምን ያህል ጥርት ያለ እንደሆነ ብቻ ይለኩ። 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ቆርቆሮ በአራት ተከፍሎ በነጭና በጥቁር ቀለም እያፈራረቁ ይቀባል፤ ክብደት ታስሮበትም በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ምልክት በተደረገበት ገመድ ይንጠለጠላል። ባለሙያዎች ሴኪ ዲስክ የሚሉት መሣሪያ ይኸው ነው። ውኃው ውስጥ ሲወርድ ከዐይን የተሰወረበትን ጥልቀት፣ ሲጎተት ደግሞ ተመልሶ የታየበትን ጥልቀት መዝግቦ የሁለቱን አማካይ መውሰድ ነው። የከተማው ቦይ ከሚገባበት አጠገብና ከዚያ ራቅ ባለ ስፍራ በተመሳሳይ ሰዓት ለስድስት ሳምንት ቢለኩ፣ ሌላ ማንም የማይኖረው ሠንጠረዥ ይኖራቸዋል። እዚህ ላይ ሁለት ማሳሰቢያ አለኝ። ልኬቱ ከወደብ መሰላል ላይ፣ ትልቅ ሰው ባለበት እንጂ በታንኳ አይሁን። በተጨማሪም እነዚህ ልጆች የሚለኩት በበጋ ስለሆነ፣ እነግልገል ዓባይ፣ ጉማራና ርብ አፈር ተሸክመው የሚገቡበትን ክረምት አያዩትም፤ ይህንን በጽሑፋቸው ውስጥ በግልጽ መናገር አለባቸው። «የእኔ ጥናት ይህንን አያሳይም» ብሎ መጻፍ የሚችል የ11ኛ ክፍል ተማሪ ካገኘሁ እኔ ከምሰጠው ትምህርት ግማሹን አልፎታል።

ገዳማትን በተመለከተ፣ ርእሱ የሚማርክ ቢሆንም አስቀድመው ያስቡበት። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴቶች የማይገቡባቸው ስለሆኑ ሴት ልጆች ያሉበት ቡድን እነዚህን ከመረጠ ወንዶቹ አጥኚዎች፣ ሴቶቹ ጸሐፊዎች ሆነው ይቀራሉ። የዘጌውን ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግን ሁሉም ሊያየው ይችላል።

ተማሪው ሁሉ ዐሥር ዐሥር ጥያቄ ጽፎ እንዲመጣ ያድርጉ። ከዐሥሩ ስምንቱ «ጥቅምና ጉዳቱ ምንድን ነው?» የሚል እንደሚሆን ከወዲሁ ልነግርዎ እችላለሁ፤ ቢሆንም የሚፈለጉት ቀሪዎቹ ሁለቱ ናቸው።


መልስ፦ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ

ከእኔ በፊት የጻፉት ወንድማችን ያሉትን አብዛኛውን እቀበላለሁ፤ ነገር ግን ልጆቹን አስቀድሞ ወደ ወደብ መላክን አልስማማበትም። ሳያነብ ሊጠይቅ የሄደ ልጅ የተሰጠውን መልስ አያውቀውም።

አንድ ምሳሌ ልጨምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ተማሪ የዓሣ ምርት ለምን እንደሚቀንስ አንድ አጥማጅ ጠይቆ፣ «በክረምት ወደ ወንዙ ይወጣላ!» የሚል መልስ አግኝቶ መጣ። ነገሩ ቀልድ መስሎት ከማስታወሻው ሊሰርዘው ነበር። ሰውዬው የነገረው ግን የጥናቱን እምብርት ነው፤ ምክንያቱም በዓለም ላይ በጣና ብቻ ከሚገኙት 15 ያህል የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ብዙዎቹ በክረምት እንቁላላቸውን ለመጣል እንደ ጉማራ ወዳሉ ገባር ወንዞች ይወጣሉ፤ በዚያን ጊዜም በወንዙ አፍ ላይ መረብ የዘረጋ ሰው በቀላሉ ይሰበስባቸዋል። ልጁ ሁለት ገጽ አስቀድሞ አንብቦ ቢሄድ ኖሮ ቀጥሎ የሚጠይቀውን ያውቅ ነበር። ስለዚህ የእኔ ምክር አንድ ሳምንት ይነበብ፣ ከዚያ ይሄድ፣ ተመልሶም እንደገና ይነበብ የሚል ነው።

አነባበብን በተመለከተ፣ መምህርት ያነሡት የቋንቋ ችግርና የኩረጃ ችግር መድኃኒታቸው አንድ ነው። ተማሪው የእንግሊዝኛውን አንቀጽ ያንብብ፤ ከዚያ መጽሐፉን ይዝጋ፣ ወይም ስልኩን ገልብጦ ያስቀምጥ፤ የተረዳውን አጠገቡ ለተቀመጠው ጓደኛው በአማርኛ ይንገር፤ ጓደኛው ከገባው በኋላ ብቻ ይጻፍ። ዐይኑ በጽሑፉ ላይ እንደ ሆነ የሚጽፍ ልጅ ሳይፈልግም ይቀዳል፤ በትርጉም መሣሪያ የሚያልፍ ልጅ ደግሞ «ሐይቁ ከፍተኛ ጫና እየተሰቃየ ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር ይዞልን ይመጣል። እያንዳንዱ ማስታወሻ በግማሽ ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ በቀኝ ራስጌው ላይ ከየትኛው ጽሑፍ፣ ከስንተኛው ገጽ እንደ ተወሰደ ይመዝገብ። ቃል በቃል የተወሰደ ነገር ካለ ያኔውኑ በትእምርተ ጥቅስ ይከበብ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ የራሱን ቃል ከሰው ቃል የሚለይ ተማሪ የለም።

ለእኛ አገር ተማሪ የተለዩ ሦስት ወጥመዶች አሉ፤ በየትኛውም የውጭ መመሪያ ላይ ስለማይገኙ እዚህ ጠቅሼ ማለፍ እፈልጋለሁ።

የመጀመሪያው የዘመን አቈጣጠር ነው። የጣና ሐይቅ አካባቢ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት የተመዘገበው በ2015 እ.ኤ.አ. ሰኔ ላይ ነው፤ በእኛ አቈጣጠር ሰኔ 2007 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ተማሪዎች «በ2015 ዓ.ም. ተመዘገበ» ብለው ሲጽፉ ደጋግሜ አይቻለሁ፤ በአንዲት ፊደል ምክንያት ስምንት ዓመት ይስታሉ። ሲመልሱም ሁልጊዜ ስምንት መቀነስ ትክክል አይደለም፤ ከመስከረም 1 ቀን ጀምሮ እስከ ፈረንጆቹ ታኅሣሥ መጨረሻ ድረስ ልዩነቱ ሰባት ነው። የሰዓቱም ነገር እንዲሁ ነው፤ በማስታወሻ ደብተሩ «ጠዋት 2 ሰዓት» ተብሎ የተጻፈው በስልኩ ፎቶግራፍ ላይ 8 ሰዓት ሆኖ ይወጣል፤ ተማሪውም ሁለቱን በአንድ ሠንጠረዥ ሲያስገባቸው አያስተውልም።

ሁለተኛው የስም አጻጻፍ ነው። የውጭ አገር መመሪያዎች የቤተሰብ ስም ይቅደም ይላሉ፤ እኛ ግን የቤተሰብ ስም የለንም፤ ሁለተኛው ስም የአባት ስም ነው። ታዋቂውን የታሪክ ምሁር ታደሰ ታምራትን አንዱ ቤተ መጻሕፍት በ«ታምራት»፣ ሌላው በ«ታደሰ» ሥር ይመዘግባቸዋል። ለተማሪዎቹ አንድ ሕግ ይበጅላቸው፦ ኢትዮጵያዊ ጸሐፊ በራሱ ስም ይጠራ፣ የአባት ስም ይከተል፣ ዋቢዎቹም በሀለሐመ ቅደም ተከተል ይደርደሩ።

ሦስተኛው የሞክሼ ፊደላት ጉዳይ ነው። «ሐይቅ» ብሎ የፈለገ ልጅ «ሀይቅ» ተብሎ የተጻፈውን፣ «ዓሣ» ብሎ የፈለገም «አሳ» የተባለውን ላያገኝ ይችላል። በኮምፒውተር ሲፈልጉ በየአጻጻፉ ይሞክሩ፤ በራሳቸው ጽሑፍ ግን አንዱን መርጠው እስከ መጨረሻው ይጽኑበት።

ሌላ የምጨምረው ነገር የለም፤ ከአንድ ገጠመኝ በስተቀር። ባለፈው ዓመት አንዲት ተማሪ አምስት መጻሕፍት የተዘረዘሩበት ወረቀት ይዛ መጥታ እንድፈልግላት ጠየቀችኝ። ሁለቱን የትም ላገኛቸው አልቻልሁም፤ በመጨረሻ ዝርዝሩን የሰጣት ቻት ጂፒቲ መሆኑን ነገረችኝ። ይህ መሣሪያ የሌለ መጽሐፍ ከነጸሐፊው ፈጥሮ መስጠት እንደሚችል ልጆቹ አያውቁም። ስለዚህ በእጁ ይዞ ወይም በስክሪን ከፍቶ ያላሳየውን ዋቢ ማንም እንዳይጽፍ ቢታዘዝ መልካም ነው።


መልስ፦ የታሪክ መምህር፣ ዘጌ አካባቢ

መምህርት፣ እንደምን ሰንብተዋል። ሁለቱም ባልደረቦቼ የጻፉት ጠቃሚ ነው፤ እኔ ስለ ክትትሉ ብቻ አንድ ነገር ልጨምር።

በልጅነቴ ጥቂት ዓመታት በጎጃም የቅኔ ቤት ቆይቻለሁ። እንደምታውቁት የቅኔ ተማሪ የመምህሩን ቅኔ ሰምቶና አጥንቶ ብቻ አይቀርም፤ በየጥሻውና በየዛፉ ሥር ለብቻው ተቀምጦ የራሱን ቅኔ ይቈጥራል፣ ማለትም ያዘጋጃል፤ ከዚያ ቀርቦ ለመምህሩ ይነግራል፤ ይህም ነገራ ይባላል። መምህሩም ቤት የማይመታውን ያቃናሉ፤ ምሥጢሩን ይጠይቃሉ። የሰው ቅኔ ይዞ የቀረበ ተማሪ ቢኖር ለመያዝ ሁለት ጥያቄ ይበቃል፤ «እዚህ ላይ ይህን ቃል ለምን መረጥህ?» ሲባል የቈጠረው ይመልሳል፣ ያልቈጠረው መሬት መሬት ያያል። ኩረጃን የሚከለክለው ነገራው ራሱ ስለ ነበር የተለየ ደንብ ወይም ቅጣት ሲያስፈልግ አላየሁም።

እኔም ይህንኑ በክፍሌ ሞክሬዋለሁ። ቡድኖቹ ጽሑፉን ከመጻፋቸው በፊት ወረቀት ሳይዙ ፊቴ ቆመው ይነግሩኛል፦ ምን ጠየቃችሁ? ማንን አገኛችሁ? ምን አሏችሁ? ያልጠበቃችሁት ነገር ምን ነበር? በተለይ የመጨረሻው ጥያቄ ወሳኝ ነው። ሐይቁ ዳር የሄደ ልጅ ሁልጊዜ አንድ ያልጠበቀው ነገር አለው፤ ዝናብ መጣብኝ ይላል፣ ሰውዬው ተቆጡኝ ይላል፣ ጀልባው ቀረ ይላል። ያልሄደ ልጅ ግን ሁሉም ነገር እንደታሰበው ሆኖለታል።

ሌላም ከዚያው ቤት የምወስደው አለ። ማንም ተማሪ ስምንት ቤት ባለው በመወድስ አይጀምርም፤ መጀመሪያ ሁለት ቤት ባላት በጉባኤ ቃና ይለማመዳል። የእርስዎ ተማሪዎች ግን አንድ ገጽ ጥናት ሳይጽፉ ዐሥር ገጽ ተጠየቁ። ከየካቲት በፊት እያንዳንዱ ተማሪ አንዲት ጉባኤ ቃና ያህል ጥናት ይሥራ፤ አንድ ጥያቄ፣ አንድ ጠዋት ምልከታ፣ አንድ አንቀጽ። «ከጠዋቱ 1፡30 እስከ 2፡00 በትምህርት ቤታችን በር ስንት ተማሪ በባጃጅ፣ ስንቱ በብስክሌት፣ ስንቱ በእግሩ ይገባል?» ብትሆን ይበቃል። ባሕር ዳር በብስክሌት የታወቀች ከተማ ስለሆነች ውጤቱ ለእኔም ያጓጓኛል።

በአንድ ነገር ግን ከቅኔ ቤቱ እንለያለን፤ ይህንንም ለልጆቹ በግልጽ መንገር ያስፈልጋል። በቅኔ ወርቁ በሰሙ ውስጥ ሲሰወር ይደነቃል። በጥናታዊ ጽሑፍ ወርቁ ላይኛው ዐረፍተ ነገር ላይ ካልታየ አንባቢው ትቶት ይሄዳል። ጐበዝ የሚባሉት ልጆቻችን ነገሩን በማሳመር ስለሚመሰገኑ ቀጥታ መጻፍ ውርደት ይመስላቸዋል።


መልስ፦ የሁለተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ

መምህርት፣ በታላላቆቼ መካከል በመናገሬ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እርስዎ አላስተማሩኝም፤ ቢሆንም ከሦስት ዓመት በፊት ተመሳሳይ ሥራ ተሰጥቶኝ ከቀዱት ተማሪዎች አንዱ ነበርሁ፤ ስለዚህ ከዚያ ወገን የሚታየውን ልናገር።

በቡድናችን አራት ነበርን። የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ አንዱ ለማስጠረዣ ብር አዋጣ፣ ሁለቱ ስማቸውን ሰጡ። የቀዳሁትም ስንፍና ይዞኝ ሳይሆን የአራት ሰው ሥራ በማስረከቢያው ዋዜማ ብቻዬን ስለ ወደቀብኝ ነው። እያንዳንዱ አባል የራሱ የመስክ ደብተር ቢኖረውና ነጥቡ ለደብተሩ በየግሉ ቢሰጥ ኖሮ እነዚያ ሁለት ልጆች ቢያንስ አንድ ቀን ይወጡ ነበር።

ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ የአጻጻፍ አስተማሪያችን ከጽሑፌ ውስጥ «ይባላል»፣ «ይነገራል»፣ «ይታመናል» የሚሉትን ቃላት ሁሉ በቀይ አከበቡና በጎናቸው «ማን?» ብለው ጻፉ። በአራት ገጽ ውስጥ 23 ነበሩ። አማርኛችን ባለቤቱን ሳይጠራ የሚናገር ግስ ስላለው ምንጩን ለመደበቅ በጣም ይመቻል፤ እኔ እንደምደብቅ እንኳ አላውቅም ነበር። «ደሴቱ በጥንት ዘመን የነገሥታት መሸሸጊያ እንደነበር ይነገራል» ከማለት ይልቅ «የደብሩ አስጎብኚ የካቲት 12 ቀን እንደነገሩኝ» ማለት እንደሚቻል ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ለ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ይህ አንድ ነገር ብቻ በአንድ ክፍለ ጊዜ ቢሰጣቸው ብዙ ይጠቅማቸዋል። የራሳቸውን ያለፈ ጽሑፍ አውጥተው ራሳቸው ያክብቡ።

ከቁጥር ጋር የተያያዘም አለ። ዐሥራ ሁለት አጥማጆች ጠይቀን «75 በመቶ የሚሆነው የባሕር ዳር አጥማጅ» ብለን ጽፈን ነበር። ትክክሉ «ካነጋገርናቸው 12 አጥማጆች 9ኙ» ነው። በመቶኛ ስንጽፈው ትልቅ ጥናት የሠራን መስሎን ነበር።

በመጨረሻም ልጆቹ የሚያነጋግሯቸውን ሰዎች ፈቃድ እንዲጠይቁና ለምን እንደሚጠይቋቸው እንዲያስረዱ ይደረግ። እኛ ደብተር ይዘን ስንጠጋ ሰዎቹ የግብር ሠራተኛ መስለናቸው የያዙትን ዓሣ ቁጥር ቀንሰው ነገሩን፤ ያንን ያወቅነው ስንሰናበት ከመካከላቸው አንዱ «ለመንግሥት ነው?» ብሎ ሲጠይቀን ነው።


የጠያቂዋ ምላሽ፦ የአማርኛ መምህርት፣ ባሕር ዳር

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ያነበብሁትን ይዤ የዘንድሮውን ዕቅድ እንደገና ሠርቻለሁ፤ ስሕተት ካያችሁበት አርሙኝ።

በጥር የአንድ ገጹን «ጉባኤ ቃና» እያንዳንዱ ተማሪ ለብቻው ይሠራል። ከየካቲት መጀመሪያ አንሥቶ ሁለት ሳምንት ለጥያቄ ማጥበብና ለንባብ ይውላል፤ የመስክ ሥራው ከዚያ በኋላ ለአራት ሳምንት ይቀጥላል። በዚህ ረገድ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዋን አሳብ መርጫለሁ፤ «የቅዳሜ ፈተና»ውን ግን ለጥያቄው ማጽደቂያ እጠቀምበታለሁ። ከነጥቡ ግማሹ ለየግል የመስክ ደብተርና ለነገራው ይሆናል፤ ለተጠረዘው ጽሑፍ የሚቀረው ሌላው ግማሽ ነው። ለሽፋን ምንም ነጥብ እንደማይሰጥ ዛሬ ነግሬአቸዋለሁ፤ የክፍሉ ዝምታ ግን ጥቂት አስደንግጦኛል።

የነገራው ነገር አይቻልም ብዬ ነበር፤ ሒሳቡን ሳሰላው ግን እንደፈራሁት አልሆነም። 57 ቡድኖች በአምስት በአምስት ደቂቃ 285 ደቂቃ ይፈጃሉ፤ ይህም ሰባት ክፍለ ጊዜ ያህል ነው፤ ለአራት ክፍሎች ሲካፈል ለእያንዳንዱ ክፍል ሁለት ክፍለ ጊዜ አይሞላም። አምና 57 የተቀዱ ጽሑፎችን ለማንበብ ያጠፋሁት ጊዜ ከዚህ በእጅጉ ይበልጣል። የሥነ ሕይወት መምህራችንም የቆርቆሮውን መለኪያ ከሁለት ቡድኖች ጋር ሊሠሩልን ፈቅደዋል።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። ትናንት አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ጠይቀን ጠይቀን መልስ ባናገኝስ፣ ዜሮ ነው?» አለችኝ። «አይደለም» አልኋት፤ ነገር ግን እንደዚያ ያለውን ጽሑፍ በምን መለኪያ እንደማርም በርግጥ አላወቅሁም።


መልስ፦ የጽሑፍ ክህሎት አስተማሪ፣ ዩኒቨርሲቲ

በንባቡ ጉዳይ ተረትቻለሁ፤ ንባቡ ይቅደም።

ለልጅቷ ጥያቄ፣ እኔ እንዲህ ያለውን ጽሑፍ የማርመው ሌላ ቡድን ደብተራቸውን ይዞ በሚቀጥለው ዓመት ሥራውን ካቆሙበት ሊቀጥል ይችላል ወይ ብዬ ነው። የት እንደሄዱ፣ በስንት ሰዓት፣ ማንን ጠይቀው ምን ዐይነት መልስ እንዳጡ፣ ጥያቄውን እንዴት እንደቀየሩት በግልጽ ከጻፉ ሙሉ ነጥብ እሰጣለሁ። «በቂ መረጃ አልተገኘም» ብለው በአንድ መስመር ካለፉት ግን አልሰጥም። እንዲያውም የዘንድሮዎቹን ደብተሮች አይጣሏቸው፤ የሴኪ ዲስክ ልኬት ካለ የከርሞ ተማሪዎች የዚያው ስፍራ የከርሞውን ቢጨምሩበት ማወዳደሪያ ይሆናቸዋል።


መልስ፦ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ

መምህርት፣ በየካቲት ሁለቱ የንባብ ሳምንታት ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ልቀበላቸው እችላለሁ። የንባብ ክፍሉ ወንበሮች 40 ብቻ ስለሆኑ ዐሥር ዐሥር ቡድን እያደረጉ ይላኩልኝ፤ ግማሽ ግማሽ የተቈረጠ ወረቀትና እርሳስ ይዘው ይምጡ። ስልካቸውን በር ላይ እንደማልሰበስብ፣ ጠረጴዛው ላይ ግን ተገልብጦ እንደሚቀመጥ አስቀድመው ይንገሩልኝ።